ቢጫዋ የጥያቄ ምልክት

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ጥገና ቤት የሠራ ሰው አንድ አቤቱታ በደንብ ያውቃል። «ሃርድ ዲስኩን ቀየራችሁልኝ፤ ድምፁን ግን ወሰዳችሁብኝ» የሚል። በደንበኛው አይፈረድም። ኮምፒውተሩ ሲዘፍንለት ኖሮ አንድ ቀን ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ሞተበት። ተቀይሮለት፣ ፎርማት ተደርጎ፣ ዊንዶውስ ተጭኖ ቤቱ ሲገባ ምስሉ አለ፣ ጽሑፉ አለ፣ ድምፅ የለም። አንድ ዕቃ ተፈትቶ የቀረ ቢመስለው ምን ይገርማል?

ሥራውን የተማርኩበት ጥገና ቤት ባለቤት ለዚህ አቤቱታ የነበረውን አመል እስከ ዛሬ አልረሳውም። አይከራከርም፣ አይቆጣም። ሞኒተሩን ወደ ደንበኛው ያዞርና ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝርበትን ገጽ፣ ዲቫይስ ማናጀርን፣ ይከፍታል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር «የኔ ልጅ፣ ሳውንድ ካርዴ ወጥቶ ቀርቷል መሰለኝ» ብለው የመጡ ዕለት አጠገቡ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቢጫ የጥያቄ ምልክት ትታይዎታለች?»

«አየኋት።»

«ዊንዶውስ ‹እዚህ አንድ ዕቃ አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም› እያለን ነው። ዕቃው ወጥቶ ቢሆን ምልክቷም አትኖርም ነበር።»

ቀጥሎ ኬዙን አጋድሞ የጎኑን ክዳን ፈታ። አቧራውን እፍ አለና የእጅ ባትሪውን ማዘርቦርዱ ላይ አበራ። ከስፒከር መሰኪያዎቹ አጠገብ የጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ቺፕ አለች፤ ላይዋ ላይ የሪልቴክ ኩባንያ የሸርጣን ምልክት፣ ከጎኑ «ኤ.ኤል.ሲ 650» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ ጎንበስ ብለው አነበቡት።

«ይቺ ካለች ታዲያ ድሮ እንዴት ታወቀች?» አሉ።

«ድራይቨር ነበራታ፤ ዊንዶውስ እሷን የሚያዝበት ፕሮግራም። የተጫነው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ስለነበር አብሮት ሄደ። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ሲዲ ቤት አለዎት?»

አላቸው። በማግስቱ በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡት።

የዚያን ዘመን ሲዲ ክብር ዛሬ ለማስረዳት ይከብዳል። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው፤ ከእሱ በኋላ የተሠራን ማዘርቦርድ ድምፅ ከየት ያውቀዋል? ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ኤች.ዲ ኦዲዮ የተባለውን አዲስ አሠራር ሲያመጣማ ነገሩ ባሰ። መጀመሪያ ቁጥሩ 888111 የሆነ የማይክሮሶፍት ማሟያ ካልተጫነ የሪልቴኩ ድራይቨር ራሱ እሺ አይልም ነበር። ያችን ቁጥር ጠጋኙ ሁሉ በቃሉ ይዟት ነበር። ከኢንተርኔት እናውርድ ቢባል ደግሞ 30 ሜጋባይት ፋይል በስልክ መስመር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ነው። ስለዚህ ጥገና ቤቶች ሲዲዎቹን እየቀዱ የቦርዱን ስም በማርከር ጽፈው ያስቀምጡ ነበር። ከጎረቤት ጥገና ቤት «የኢንቴል 845 አለህ?» እያሉ መዋዋስም የየዕለት ነገር ነበር።

ሲዲው ለጠፋበትም መላ ነበረው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ያልታወቀውን ዕቃ መለያ ቁጥር ማንበብ ነው። አምራቹ 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም መለያው አድርጎ ይዞታል። አንድ ጊዜ የያዙት አይረሳም።

ሁሌም ጥፋቱ የድራይቨር ነው ማለት አይደለም። ዲስኩን ሲቀይር የጠጋኙ እጅ ከሲዲ ማጫወቻው ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ይነቅለዋል፤ ያን ጊዜ በዊንዶውስ 98 ኤም.ፒ.ስሪው ይዘፍናል፣ የዘፈን ሲዲው ዝም ይላል። ወይም ደንበኛው ቤቱ ሲገጥም ስፒከሩን አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ በመሰካት ፈንታ ሮዙ ላይ፣ የማይክሮፎኑ ላይ ይሰካዋል። ፎርማት የሚያጠፋውም ድምፅን ብቻ አልነበረም። ፓወር ግዕዝ እንደገና እስኪጫን ድረስ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሁሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይከፈታል።

የመምህሩ ሲዲ ገባ፣ ድራይቨሩ ተጫነ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ። የኤክስፒ የመነሻ ዜማ ቤቱን ሞላው። ያ ዜማ ለእኛ የሥራ ማረጋገጫ ነበር፤ ከተሰማ ሒሳብ ይከፈላል። መምህሩ ከከፈሉ በኋላም ጥያቄ አላቆሙም፤ የቺፗን ስምና የ888111ን ነገር በማስታወሻ ደብተራቸው ጽፈው ሄዱ።

ኋላ ማይክሮሶፍት የመነሻ ዜማን ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዝም አሰኝቶ፣ በዊንዶውስ 11 መልሶታል። በመካከሉ ኮምፒውተር ድምፅ እንደሌለው የሚታወቀው ቪዲዮ ሲከፈት ወይም ስብሰባ ሲጀመር ሆነ። ድራይቨሩን ግን ዊንዶውስ 10 ኢንተርኔት እንዳገኘ ብዙውን ጊዜ ራሱ ፈልጎ ይጭናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በስልክ መስመር ያወረደ ሰው ያውቀዋል። ሃርድ ዲስኩ ሳይሞት ወደሚተካው ኤስ.ኤስ.ዲ እንዳለ ከተገለበጠ ደግሞ ድምፁ ጭራሽ አይጠፋም።

ግን አንዳንዴ ይጠፋል። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗ ኤስ.ኤስ.ዲ ተገጥሞለት፣ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖለት ሲመለስ ድምፅ አልነበረውም። መልሳ ወሰደችው። ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀብለው «ነገ ነይ» አሏት። በማግስቱ «ሳውንዱ ተቃጥሏል፤ ቦርዱ መቀየር አለበት» ተባለች። የተጠየቀችው ዋጋ ላፕቶፑን ለመሸጥ የሚያስወስን ነበር።

እኔ ዘንድ ስታመጣው ዲቫይስ ማናጀርን ከፈትኩት። ዛሬ የጥያቄ ምልክቷ ቀርታ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለች ቃል አጋኖ ሆናለች፤ የምትለው ግን ያንኑ ነው፤ ዕቃው አለ፣ ድራይቨሩ የለም። ከላፕቶፑ ሥር የሞዴሉን ቁጥር አነበብን፤ ከአምራቹ ገጽ የኢንቴልንም የሪልቴክንም ድራይቨር አወረድን፤ ቡናው ሳይፈላ ድምፁ መጣ። የተቃጠለ ነገር አልነበረም።

ጠጋኙ ዋሽቷታል ብዬ አላምንም። ድራይቨር ራሱ በሚመጣበት ዘመን ሥራ የጀመረ ወጣት ሳይመጣ ሲቀር የት እንደሚፈለግ ያሳየው ሰው ላይኖር ይችላል። የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው። ዕውቀቱ አስፈላጊ የሚሆንበት ቀን ጥቂት ሲሆን የሚያስተላልፈውም ጠፋ፤ ዋጋውን የምትከፍለው ደግሞ ልጅቷ ናት።

ድራይቨሩን በፍላሽ ገልብጬ እንድታስቀምጠው ሰጠኋት። «ኢንተርኔት ላይ አለ አይደል?» አለችኝ። አቢት የሚባል ስመ ጥር የማዘርቦርድ ኩባንያ እንደነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ እንደተዘጋ፣ የድራይቨር ገጹም በኋላ እንደጠፋ ነገርኳት። ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ተቃጥሏል ሲሉሽ እስቲ አሳዩኝ አላልሽም?»

«ምኑን ያሳዩኛል አጎቴ?» አለች። «ባየውስ አውቀዋለሁ?»