ወኔ ብቻውን ዳገት አያስወጣም

“ደከመኝ” ማለት ያሳፍረኝ ነበር። ለዚህም ነው ያቺ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ላይ የደረሰብኝን ነገር እስከ ዛሬ ደብቄ የያዝኩት። ለእናንተ ግን ልናገረው።

ከሰፈር ጓደኛዬ ጋር ለ21 ኪሎ ሜትር ውድድር መለማመድ ከጀመርን ሁለት ወር ሆኖን ነበር። እሱ ከቤት ሳይወጣ ዳቦ በሻይ ይቀማምሳል። እኔ ደግሞ “ሯጭ ነህ ወይስ በላተኛ?” እያልኩ እስቅበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ቁርስ የምተወው ጠንካራ ስለሆንኩ አልነበረም። ሥራ ቀዝቅዞብኝ ስለነበር ቤት ያለችውን ዳቦ ለታናሽ እህቴ ትቼላት ነው የምወጣው። ይህን ከማውራት “ባዶ ሆድ ያጀግናል” ማለት ቀለለኝ።

የዚያን ዕለት ዋዜማ እራትም በቅጡ አልበላሁም። አንድ ሰዓት ያህል ደህና ሮጥኩ። ከዚያ እግሬ ከዳኝ። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ዛፉ ሁሉ ዞረብኝ። መንገድ ዳር ዝርፍጥ አልኩ። ጓደኛዬ ሊደግፈኝ ቢጠጋ “ዞር በል!” ብዬ ጮህኩበት።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ከነሸክማቸው ቆሙና “ልጄ፣ እህል ቀምሰሃል?” አሉኝ። መልስ አጣሁ። ከመቀነታቸው የቋጠሩትን ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። እንባዬ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንሮጥ የምናነደው ስኳር በጡንቻና በጉበት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ግን ልክ አለው። በደህና ፍጥነት ለሚሮጥ ሰው ከ90 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ቢያደርሰው ነው። የጉበቱ ደግሞ ሌሊት ተኝተንም ይቀንሳል። ስብ ቢኖረንም እንደ ስኳር ቶሎ ጉልበት አይሆንም። እኔማ ገና ሳልነሳ ጎድዬ ነበር!

እናንተስ? ረጅም ሩጫ ካለባችሁ ዋዜማውን እንጀራም ሆነ ፓስታ ደህና አድርጋችሁ ብሉ። ጠዋት ከመሮጣችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በፊት ዳቦ ወይም በሶ ቅመሱ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚሮጥ ሰው በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም ይይዛል። አጀማመራችሁ ቀስ ያለ ይሁን። ስትጨርሱም ሳትቆዩ ብሉ። የሚበላ ከሌለ ግን ያን ቀን ረጅሙን ሩጫ ተዉት፣ በእግር መንሸራሸር ይበቃል።

ቁልቁል ስንመለስ ለጓደኛዬ ሁሉንም ነገርኩት። ምንም አልመለሰልኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሁለት ሃይላንድ በሶ በጥብጦ፣ በፌስታል ደግሞ ዳቦ ይዞ በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። “ዳቦው የእህትህ ነው፤ አንተ በሶህን ጠጣና ና!” አለኝ።

ያን ቀን ዳገቱን ወጣሁት።