የእረኞቹ እንግሊዝኛ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ
ገነተ ማርያም፣ ላስታ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር

እህትዓለም፣

እማዬ ወገቧን እንዴት ሆነች?

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወልድያ ተምረሽ ተመለስሽና እኛው ባደግንበት ቀዬ የአንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንሽ! አባታችን ይህን ቢያይ ምን ይል እንደነበር ሳስብ ዓይኔ እንባ ሞላ። «ልጆቹ ክፍል ውስጥ ዝም ይሉኛል፤ እንግሊዝኛ ከአፋቸው የሚወጣው መንገድ ላይ ፈረንጅ ሲያዩ ብቻ ነው» ያልሽው ግን ከልቤ አልወጣ አለ። ይህን ረጅም ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስለሱ ነው።

መንገድ ላይ የሚሉትን አንቺም እኔም እናውቀዋለን። «ሃሎ፣ ጊቭ ሚ ፔን፣ ጊቭ ሚ መኒ» ነው። ከላሊበላ የሚመጣው እንግዳ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በይኩኖ አምላክ ጊዜ፣ ከቋጥኝ የተፈለፈለችውን ቤተ ክርስቲያናችንንና የግድግዳ ሥዕሎቿን ሊያይ ይመጣል፤ ልጆቹም እንግሊዝኛን የሚያገኙት ከእሱ አፍ ነው። ልጆቹን አልወቅስም። ከላሊበላ አስጎብኚዎች መካከል ጆሯቸው ለእንግሊዝኛ የተከፈተው በልጅነታቸው እንግዳ ተከትለው ሲሮጡ የሆነ አሉ፤ ዛሬ በዚያው ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። ነገር ግን ሕፃን ቋንቋን ሲቀበል ከነአቋሙ ነው የሚቀበለው። በ«ስጠኝ» የጀመረ ልጅ ያን ቋንቋ በተናገረ ቁጥር አንገቱ ሰበር ይላል። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጎበዝ ተማሪ ሆኖ፣ ሰዋስዉን ጠንቅቆ አውቆ፣ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ግን የሚለምን ያህል ድምፁ የሚያንስ ልጅ ስንት አለ መሰለሽ!

ስለዚህ የምለምንሽ ይህን ነው። ካንቺ የሚማሩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ዚስ ኢዝ ማይ ካው» ይሁን። ላሚቱ የልጁ የራሱ ናት፤ ጠባይዋን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ክፍሉ ውስጥ ስለሷ የሚጠየቀው እሱ፣ ጠያቂዋ አንቺ ትሆኛለሽ።

የኛ ልጆች ግማሹን ቀን ትምህርት ቤት፣ ግማሹን ቀን ከብት ኋላ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ያየዋል። ድካሙ እውነት ነው፤ ረኃቡም፣ ቁሩም እውነት ነው። ሆኖም የሰባት ዓመት የላስታ እረኛ ስለ እንስሳት የሚያውቀውን የከተማ ልጅ በመጽሐፍ አያገኘውም። ጊደርን ከላም፣ ወይፈንን ከበሬ፣ ጠቦትን ከሙክት፣ ቄብን ከዶሮ ለይቶ ይጠራል። እዚህ አዲስ አበባ ያሉ ተማሪዎቼ ሁሉንም «በግ»፣ ሁሉንም «ላም» ብለው ያልፉታል። ያንቺዎቹ ግን «ካው» ብቻ ብትያቸው ትንሽ ቆይተው «ጥጃውስ? ግልገሏስ? ውርንጭላውስ?» ብለው ይጠይቁሻል። በደስታ ንገሪያቸው፤ ካፍ፣ ላም፣ ኪድ፣ ፎል፣ ቺክ። የበግ ግልገል በእንግሊዝኛ «ላም» መባሉን ሲሰሙ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ይሳቁ፤ የሳቁበትን አይረሱትም።

መልክን በዚሁ አስተምሪ። ለቀለም ትምህርት ባለቀለም ወረቀት የለኝም ብለሽ አትዘኚ። እያንዳንዱ ልጅ በረት ውስጥ ያለውን ከብት ያስብና ይናገር፤ «ማይ ኦክስ ኢዝ ብላክ»፣ «ማይ ሄን ኢዝ ዋይት»። መቼም አንዱ ተነስቶ «የኛ በሬ ቦራ ነው፤ ቦራ ምን ይባላል?» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ብትሰጪው አይቆጭሽም። «ኢት ሃዝ ኤ ዋይት ስፖት ኦን ኢትስ ሄድ» በዪው። «ሃዝ»ም «ኦን»ም «ሄድ»ም በአንድ በሬ ግንባር ላይ ተማሩ ማለት ነው። ለዳልቻና ለቡሬም እንደዚሁ እየተረጎማችሁ ሂዱ። አንድ ቃል ሲታጣ በብዙ ቃል መግለጽ መቻል እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ትልቁ ስንቅ ነው፤ ልጆቹ ያን በአንደኛ ክፍል ከያዙ ወደፊት ቃል ጠፋኝ ብለው ዝም አይሉም።

የማስጀመሪያዎቹን እንስሳት ግን ምረጪ። ላም፣ ፍየል፣ አህያ፣ በቅሎ፣ ዶሮ፣ ድመት ይቅደሙ፤ ሲበዙ መጨረሻቸው ላይ «ስ» ወይም «ዝ» ጨምሮ ማለፍ ነው። በግ ለቁጥር ጊዜ ትቆይ፤ «ሺፕ» አንድም ሆነች መቶ ያው ናት። በሬም «ኦክሰን»፣ አይጥም «ማይስ» እየሆኑ ያስቸግራሉ። ሌላው ጾታ ነው። እኛ «ላሚቱ ወለደች፣ በሬው ተኛ» እያልን ስለምንናገር፣ ሁሉን «ኢት» ማለት ለልጆቹ ይከብዳቸዋል። አታስጨንቂያቸው። እንግሊዞች ራሳቸው የሚወዱትን እንስሳ «ሂ» እና «ሺ» ነው የሚሉት፤ ልጁም የገዛ ውሻውን «ሂ» ቢል ትክክል ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የምወደውን ልንገርሽ። ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን የምንጠያየቀው እንቆቅልሽ ትዝ ይልሻል? «እንቆቅልሽ?» «ምናውቅልሽ?» ተባብለን፣ ያልመለሰው አገር እስኪሰጥ ድረስ? ያንኑ ወደ ክፍል አምጪው። አንድ ልጅ ይነሳና ይጠይቅ፤ «ኢት ሃዝ ፎር ሌግስ። ኢት ኢትስ ግራስ። ኢት ሃዝ ኤ ሬድ ቼስት። ዋት ኢዝ ኢት?» ጭላዳ ነው! ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት የማያውቅ የላስታ ልጅ የለም፤ በየገደሉ አፋፍ ሳር ሲነጭ ያየዋል። የአህያውን ጆሮ፣ የዶሮዋን ሁለት እግር፣ የንብን ክንፍ እያሉ ይቀጥላሉ። ንብን እንዳትዘይ፤ ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡትና ስሙም ከዚያ እንደመጣ ልጆቹ ከመምሬ ሰምተዋል፤ የስንቶቹስ አባቶች ቀፎ አላቸው! «ማይ ፋዘር ሃዝ ቢዝ» ሲሉ የቤታቸውን ማር ነው የሚናገሩት።

ያልመለሰው ልጅ እንደ ወጉ አገር ይስጥ። «አይ ጊቭ ዩ ጎንደር» ይበል። «አይ ጊቭ ዩ ለንደን» ይበል። እህትዓለም፣ ይህን ስጽፍልሽ ልቤ ይሞላል። ያው «ጊቭ» ነው፤ መንገድ ላይ እጃቸውን ዘርግተው የሚሉት። እዚህ ግን ሰጪዎቹ እነሱ ናቸው፤ ከተማና አገር ያድላሉ። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ምንም ባታስተምሪያቸው እንኳን ይህችን አስተምሪያቸው።

ስለ ቤት እንስሳት የጠየቅሽኝን ሳልመልስ አላልፍም። ከውጭ በመጡት የጀማሪ መጻሕፍት ሥዕል ላይ ድመት ከልጅ ጋር አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ውሻ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ ዓሣ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይዋኛል። «የኛ ልጆች እንዲህ ያለ እንስሳ የላቸውም፤ ምን ብዬ ላስተምር?» ብለሻል። አላቸው እንጂ! እናቷ የሞተችባትን ግልገል ወተት እያጠባ፣ ማታ ጉያው አስገብቶ የሚያሳድግ ልጅ «ፔት» የለውም ልትይው ነው? አንቺ ራስሽ ያቺን ነጭ ግልገል ከምድጃው አጠገብ አስተኝተሽ፣ ብርድ ይነካታል ብለሽ ነጠላሽን አልብሰሽ ስታድሪ አልነበረም? ልዩነቱ የኛዎቹ ሥራ ያላቸው መሆኑ ነው። ድመቷ አይጥ ትይዛለች፣ ውሻው ደጅ ያድራል፣ ዶሮዋ ለፋሲካ ትቆያለች። ልጆቹ ይህን በኩራት ይናገሩ፤ «ማይ ካት ካችስ ማይስ»፣ «ማይ ዶግ ስሊፕስ አውትሳይድ»። የሥዕሉን ልጅ ኑሮ ሲያዩም ሌላ አገር ሌላ ወግ እንዳለው ይወቁ፤ የራሳቸውን ግን አይፈሩበት።

ስለ ውሻ ግን አጥብቄ የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። እነዚያ መጻሕፍት ውሻ መዳበስን ያስተምራሉ፤ እዚያ ውሻው ተከትቧል። በኛ አገር የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከ«ዶግ» ጋር አብረሽ «ዶንት ተች»ን አስተምሪ፤ በአማርኛም ንገሪያቸው። የተነከሰ ልጅ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት። ይህ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮም ይተላለፋል። በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮ ጨርሷል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ ጥቂቶቹ በራሳችን በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ናቸው። ልጆቹ ከበጎቻቸው ጋር ሲወጡ የሚያዩት እንስሳ ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ ሊያየው የሚመጣ መሆኑን ንገሪያቸው። ነገ አንድ እንግዳ ሲያገኙ «ዌር ኢዝ ዘ ዉልፍ?» ብሎ የሚጠይቀው እንግዳው ይሁን፤ አቅጣጫውን የሚያሳዩት እነሱ።

ፊደሉን ጠንቅቀው ንባብ ሲጀምሩ ተረት አምጪላቸው። በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ አስተማሪ የነበረችው ብሪታንያዊት ደራሲ ኤልሳቤጥ ላይርድ፣ ኋላ በ1990ዎቹ ተመልሳ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በየክልሉ እየዞረች ከተረት አዋቂዎች አፍ ተረት ሰበሰበች። ከዚያ ውስጥ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፉ ማንበቢያዎች ወጡ። የሥራው ብልኃት ይገርመኛል፤ ልጁ ጅቡና አህያው፣ አንበሳውና ጦጣዋ ምን እንደሚሆኑ ከአያቱ ሰምቶ ያውቃል፤ ስለዚህ ያልገባው ቃል ቢኖርም ታሪኩ ይዞት ይሄዳል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የተባለው ደራሲም በ2002 እንደ ፈረንጆቹ «ሲሊ ማሞ» የተባለውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳትሟል፤ እሱና ባልደረቦቹ በሐዋሳ መጻሕፍትን አህያ በሚጎትተው ጋሪ ጭነው ወደ ልጆች ያደርሱ ነበር። አንቺ ጋ ጋሪ የሚሄድበት መንገድ ባይኖርም የበቅሎ ጭነት አለ። መጽሐፍ ካጣሽ ደግሞ እማዬን ክፍል ጋብዣት። «ተረት ተረት» ትበላቸው፣ እነሱም «የላም በረት» ይበሏት፤ በአማርኛ ትተርክና ስትጨርስ አንቺ በሦስት አራት አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ድገሚው።

ይህን ሁሉ በብርቱ የምልሽ የሚጠብቃቸውን ስለማውቅ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል አስጀምሯል። በአማርኛ መማር የጀመሩት ልጆች ዘጠነኛ ሲገቡ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ስንት ብሩህ ልጅ እዚያች ደጃፍ ላይ ወደቀ! በዚያ ላይ በአካባቢያችን የደረሰው ጦርነት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ስንት ጊዜያቸውን በላው፤ አንደኛ ክፍልሽ ውስጥ ቁመታቸው ከሌሎቹ በላይ የሆነ ልጆች መኖራቸውን ጽፈሽልኛል። ለነዚያ «ኤ ፎር አፕል» ብለሽ አትጀምሪላቸው፤ ፖም አይተው አያውቁም፣ እንደ ሕፃን መታየቱም ያሳፍራቸዋል። ስለ በሬ ጥማድ ጠይቂያቸው። የምታጠምዱት ስንት ነው፣ የቱ ብርቱ ነው፣ ቀኙ ማን ግራው ማን ነው በያቸው። ትልቁ ልጅ ትልቅነቱ ይጠቅመዋል፤ ለትንንሾቹ የሚያስረዳው እሱ ይሆናል።

የእንስሳቱን ድምፅም አትርሺ። አውራ ዶሮው በኛ «ኩኩሉ» ሲል በእንግሊዝኛ «ኮክ አ ዱድል ዱ» ይላል። ቀኑ ሲከብድባቸው፣ ከእረኝነት ደክመው ሲመጡ፣ በዚህ አስነሺያቸው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጠመኔ፣ ባለቀለም እርሳስና እኔና ተማሪዎቼ የሳልናቸው የእንስሳት ሥዕሎች አሉ፤ ላሊበላ መናኸሪያ ከሹፌሩ ተቀበይ። ሥዕሎቹን የሳሉት የከተማ ልጆች ስለሆኑ በሬዎቹ ሻኛቸው አላማረም። ያንቺ ተማሪዎች አርመው፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ አንዳንድ መስመር ጽፈው ይመልሱልን። የኔዎቹ መልሱን ከአሁኑ እየጠበቁ ነው፤ «በቅሎ ለምን አትወልድም?» የሚል ጥያቄም ልከዋል። ለእማዬ የወገብ ቅባቱን በተለየ ቋጠሮ አስሬዋለሁ፤ ማታ ማታ አሺላት። የአጎታችንን ልጆች ሳሚልኝ፤ ለመምሬም እጅ ንሺልኝ። ለገና ከተሳካልኝ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ክፍልሽ ገብቼ እንቆቅልሽ ይጠይቁኛል፤ ካልመለስኩ አዲስ አበባን እሰጣቸዋለሁ።

የምትወድሽ እህትሽ