ኪራይ የማይከፍለው ስፓይደር ማን

አሜሪካኖች አንድ ትልቅ የጀግና ፊልም ሲያወጡ ብቻውን አያወጡትም፤ እንደ ሙሽራ በሚዜ አጅበው ነው። ቲሸርቱ አለ፣ የልጆች ቦርሳው አለ፣ አሻንጉሊቱ አለ። ከሚዜዎቹ ሁሉ ጣጣው የሚበዛው ግን የቪዲዮ ጌሙ ነው። ቲሸርት በሳምንት ይታተማል። ጌም የብዙ ሰው የብዙ ጊዜ ሥራ ነው። የሠርጉ ቀን ደግሞ ተቆርጧል፣ ካርዱም ተበትኗል። እናላችሁ፣ ሚዜው አብዛኛውን ጊዜ የጫማው ክር ሳይታሰር፣ ክራባቱ ተጣሞ ነው የሚደርሰው።

(የውጭዎቹን ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም» እላለሁ።)

በ1982 አታሪ የሚባለው ኩባንያ «ኢ.ቲ.» ለተባለው ፊልም ጌም እንዲሠራ ለአንድ ባለሙያ የሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። ገና እየደረሰ ነዋ! ጌሙ ሳይሸጥ ተከመረ፤ ከሌላው ትርፍራፊ ጋር ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ቀበሩት፤ በ2014 ደግሞ ቆፍረው አወጡት። ለጌምም ፍልሰተ ዐፅም አለው ማለት ነው። «ሱፐርማን ሪተርንስ»ን ደግሞ ተመልከቱ። ፊልሙ በ2006 ክረምት መግቢያ ላይ ወጣ፣ ጌሙ ኅዳር ላይ መጣ፤ መልሱም ቅልቅሉም ካለቀ በኋላ የደረሰ ሚዜ። የሚያናድደው፣ በዚያ ጌም ውስጥ ቁም ነገር ያለው ሐሳብ ነበር። ሱፐርማን ጥይት ስለማይበሳው የሚለካው የእሱ ጤና ሳይሆን የከተማው ጤና ነው፤ ከተማው ከፈረሰ ተሸነፍክ። ምን ያደርጋል! ይህን የመሰለ ሐሳብ ይዘው መጨረሻ ላይ ያመጡለት ጠላት አውሎ ነፋስ ሆነ። ከነፋስ ጋር ግብ ግብ!

ከእነዚህ መካከል አንዱ ግን እስከ ዛሬ በበጎ ይነሣል። «ስፓይደር ማን 2» ይባላል፤ ትሬያርክ ሠራው፣ አክቲቪዥን አሳተመው፤ ለገበያ የቀረበው ሰኔ 21 ቀን 1996 ዓ.ም፣ ፊልሙ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ፊልሙን አዲስ አበባ አይቼዋለሁ። ጌሙን ያወቅሁት ግን ደነባ ነው።

በ2000 ዓ.ም ለሥራ ጥቂት ሳምንታት ደነባ ሰንብቼ ነበር። ደነባን የማታውቋት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ናት፤ ምሥርና ስንዴ፣ ዋልካ መሬት፣ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ። ከሥራ በኋላ የምገባበት ስላልነበረኝ ልጆች ወደሚጮሁበት አንድ የቆርቆሮ ክፍል ጎራ ማለት ለመድኩ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት አግዳሚ፣ ጋቢ የለበሰ ባለቤት። ኳስ በጨዋታ ይከፈላል፤ የተሸነፈ ይነሣል፤ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ስፓይደር ማን ግን ማለቂያ ስለሌለው በሰዓት ሆነ። ባለቤቱ አይወደውም፤ «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጫወተው፣ ሌላው በነፃ ያያል» ይላል። እውነቱን ነው። አንዱ ይከፍላል፣ ዐሥራ አንዱ አስተያየት ይሰጣል።

የሚያዩት ደግሞ ነገር አላቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት የስፓይደር ማን ጌሞች ድሩ የሚጣበቀው ሰማይ ላይ ነበር፤ ተኩሰህ ትንጠለጠላለህ፣ በምን እንደተንጠለጠልክ አትጠየቅም። ይሄኛው ድሩን ከሕንፃ ጋር አሰረው። ፎቅ ካለ ትወዛወዛለህ፣ ከሌለ እንደማንኛችንም በእግርህ ነህ። ቀላል ይመስላል፤ ግን እጅ ላይ ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ግድግዳ ለግድግዳ ሲላተሙ ይውላሉ። በሦስተኛው ቀን ድሩን መቼ እንደሚለቁት ይገባቸዋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ፍጥነት ይሰበስባል፣ ሽቅብ ሲያነሣው ይለቁታል፣ አየር ላይ ሌላ ይተኩሳሉ። ያኔ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ማንሃታን ከነደሴቶቿ ከእግራቸው ሥር ናት። ማንም ምንም ሳያድን፣ ማንንም ሳይመታ፣ ሰዓቱን ሙሉ እንዲሁ ሲወዛወዝ የዋለ ልጅ አይቻለሁ፤ ገንዘቡን እንደተበላ አልተሰማውም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን እዚህ ላይ የማያመጣ አምደኛ የለም፤ ይኸው አመጣሁት፣ እንቀጥል።

«እዚህ ቢለቁትስ?» አለ አንዱ።

«ደነባ? በእግሩ ነዋ የሚሄደው! በምን ይንጠለጠላል?»

ፎቅ የሚባል ነገር ዓይናቸው ሥር ስላልነበረ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚሁ ስም፣ በዚሁ ሥዕል ለኮምፒውተር የወጣው ጌም ይሄ አይደለም። ሌላ ድርጅት የሠራው፣ ድሩ ምልክት በተደረገበት ቦታ ብቻ የሚያዝ፣ ለሕፃናት የቀለለ ሥራ ነው። ማሸጊያው አንድ፣ ዕቃው ሌላ። መርካቶ ገብቶ ለሚያውቅ ሰው ይህን አላብራራም።

ወደ ጉድለቱ ስንመጣ ጌሙ መደጋገም ያበዛል። ታሪኩ ወደፊት እንዲሄድ የተወሰነ «የጀግንነት ነጥብ» መሰብሰብ አለብህ፤ ነጥቡ የሚገኘው ደግሞ ጎዳና ላይ ከሚገጥምህ ችግር ነው። ጀልባ ይሰምጣል፣ ቦርሳ ይቀማል፣ ሰው ጣሪያ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፣ ሕፃን ፊኛዋ አመለጠች ብላ ታለቅሳለች። ፊኛውን ይዘህ ትመልሳለህ። ሁለት መንገድ አልፈህ ሌላ ሕፃን፣ ሌላ ፊኛ። በዚህ ላይ የደነባው ማሽን ሚሞሪ ካርድ አልነበረውም። ካርዱ ከሌለ ጌሙ ምንም አያስታውስም፤ ባለቤቱ ማታ ሲያጠፋው ያዳንከው ሁሉ ጠዋት ተመልሶ ይሰምጣል። በዚያ ክፍል ውስጥ የታሪኩን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻውን ያየ ሰው አልነበረም። ዶክተር ኦክቶፐስን የሚያውቁት ከሲዲው ሽፋን ነው።

ሆኖም ለእኔ ዋናው ጉድለት ይሄ አይደለም። ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ከዙሪያው ገጠር መጥተው ደነባ የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ አገር ቤት ሄደው ድርቆሽና በሶ ተሸክመው ይመለሳሉ። አንዱ ከትምህርት በኋላ ጫማ ይጠርግ ነበር። አንድ ቀን ስፓይደር ማን ሣጥን ተሸክሞ፣ በሰዓት ቆጣሪ እየተነዳ፣ ከኋላው የጣሊያን ዘፈን እየተዘፈነለት ሲሮጥ ጆይስቲኩን የያዘው ይኸው ልጅ ነበር።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የተሸከመው?»

«ፒዛ ነው።»

«ምንድን ነው ፒዛ?»

«ቲማቲምና አይብ የተደረገበት ዳቦ በለው።»

«ለዳቦ ነው እንዴ ነፍሱ እስኪወጣ የሚሮጠው?»

«የቤት ኪራይ አለበት» አልኩት። ይህን የማውቀው ከፊልሙ ነው፤ እኛ ከተጫወትነው ክፍል ውስጥ ማንም ስለ ኪራይ አላነሣም።

ልጁ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሰዓቱ እየቆጠረበት ነው፤ የማያውም የሚውም። «ስንት ይከፍላል?» አለኝ።

እስቲ አስቡት፤ ያንን ሁሉ ቀን ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ጀግናው ሰውነት ሳይሆን ስለ ኑሮው የተጠየቀው ይሄ ብቻ ነበር፤ ጌሙ ደግሞ መልስ የለውም። ፊልሙ አለው። በፊልሙ ላይ ሰው ማዳን ያስከፍላል። ፒተር ሁለት ሕፃናትን ከመኪና ፊት ሲያወጣ ፒዛው ይዘገያል፣ ስለዘገየ ከሥራ ይባረራል፤ አከራዩ ኪራይ እያለ ደጅ ደጁን ይጠብቀዋል፤ የሚወዳት ልጅ ቲያትር እያለባት ሳይደርስ ይቀራል። ስፓይደር ማንን ስፓይደር ማን ያሰኘው ድሩ ብቻ አይደለም፤ ደግ በሠራ ቁጥር ኪሱ መጉደሉ ነው። ጌሙ ይህንን ገልብጦታል። እዚያ ሰው ስታድን ይከፈልሃል፤ ጀልባው ነጥብ ነው፣ ፊኛው ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ሲጠራቀም አዲስ የአመታት ስልት ትገዛበታለህ። ድሆችን የሚረዳ ነጋዴ አደረጉት። የፒተርን ሰውነት እንዲያ ተራቅቀው ከሠሩት በኋላ ዕዳውን ረሱት። በዚያ ክፍል ውስጥ ጀግና ለመሆን ኪሱ የሚጎድለው፣ ጫማ ጠርጎ ያገኘውን በሰዓት የሚከፍለው ልጅ ብቻ ነበር።

ለሠሪዎቹ አላዝንም ማለት አይደለም። ሠርጉ ለሰኔ ተቆርጦባቸው ያንን ውዝዋዜ ማውጣታቸው ራሱ የሚያስመሰግን ነው፤ ብዙዎቹ የዘመኑ የፊልም ጌሞች እሱ እንኳን የላቸውም። ግን በ2018 ኢንሶምኒያክ የተባለ ድርጅት ሌላ የስፓይደር ማን ጌም አወጣ። ይሄኛው ከየትኛውም ፊልም ጋር አልታሰረም፣ ሠርግ የለበትም። ውዝዋዜው የ2004ቱን ያስታውሳል፤ ድሩ ሕንፃ ይፈልጋል። ደግሞም አንድ ቦታ ላይ ፒተር ደክሞት ቤቱ ሲደርስ ኪራይ ስላልከፈለ በሩ ተዘግቶበት ያገኘዋል። ዕቃው በቆሻሻ መኪና ተጭኖ ሄዷል። ሰማይ ጠቀሱን ሲዘል የሚውለው ጀግና ከዚያ በኋላ ሥራው የቆሻሻ መኪና ማሳደድ ይሆናል።

ያንን ክፍል ሳይ ልጁ ትዝ አለኝ። አሁን ሠላሳውን አልፏል። ማን ያውቃል፣ ይሄኔ እሱ ራሱ ደብረ ብርሃን ላይ ክፍል ያከራይ ይሆናል።