ከኡኖ ወደብ ማዶ ያሉት ደሴቶች

ጃፓንን ለማየት የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ቶኪዮንና ኪዮቶን ጎብኝቶ ይመለሳል። እርስዎ ግን፣ ውድ አንባቢ፣ ዕድል ገጥሞዎት ወደዚያ አገር ቢዘልቁ፣ ከኦካያማ ከተማ በባቡር ወደ ደቡብ ወርደው ኡኖ ከምትባለው የወደብ ከተማ እንዲደርሱ እመክርዎታለሁ። መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ኡኖ ራስዋ ትንሽ ናት። በፊቷ የተዘረጋው ባሕር ግን በደሴቶች የተሞላ ነው፤ በእነዚያም ደሴቶች ላይ ሰው ያበላሸውን ምድር ሰው ራሱ እስከ ምን ድረስ ሊክሰው እንደሚችል በዓይን አይቶ መፍረድ ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕሩ የሴቶ ባሕር ይባላል። በሆንሹ፣ በሺኮኩና በክዩሹ ደሴቶች መካከል ታቅፎ ስለሚገኝ፣ ጸጥ ባለ ቀን ሐይቅ እንጂ ባሕር አይመስልም። ጃፓን በ1934 ለመጀመሪያ ጊዜ ካቋቋመቻቸው ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ይኸው ባሕር ከነዳርቻው ነበር።

ኡኖ የኖረችው በማሻገር ነው። በ1910 የባቡር ሐዲድ ሲደርሳት፣ ከማዶ ካለችው ከታካማትሱ ጋር የሚያገናኙ መርከቦችም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመሩ። በ1955 ግን ሺዑን ማሩ የተባለችው መርከብ በጉም ውስጥ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ስትሰጥም 168 ሰዎች አለቁ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ለትምህርት ጉዞ የወጡ ልጆች ነበሩ። ከዚህ ሐዘን በኋላ ድልድይ ይሠራ የሚለው ጥያቄ እየበረታ ሄደ፤ በ1988ም 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የሴቶ ታላቅ ድልድይ ተመርቆ ተከፈተ። ድልድዩ ለመንገደኛው ደኅንነትን ሲያመጣ ከኡኖ ግን እንጀራዋን ወሰደባት። ባቡር የሚያሻግሩት መርከቦች ወዲያው ቀሩ፤ በቀጥታ ወደ ታካማትሱ የምትሄደው የመጨረሻዋ መርከብም በ2019 ማብቂያ ላይ አቆመች። ዛሬ ወደቧን ሕያው የሚያደርጋት ወደ ደሴቶቹ የሚሻገረው እንግዳ ነው። እርስዎም መርከብ እስኪመጣ ሲጠብቁ በዳርቻው የቆመውን አንድ ትልቅ ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ ያያሉ፤ ጠጋ ብለው ቢመለከቱት ቅርፊቱ ሁሉ ከባሕር የተለቀመ ጥራጊ ነው።

ከኡኖ ተነሥቶ 20 ደቂቃ ያህል የተጓዘ ሰው ናኦሺማ ይደርሳል። በዚህች ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ በ1917 የመዳብ ማቅለጫ ፋብሪካ ተተከለ። ጢሱ በዙሪያው ያለውን ዛፍ አደረቀ፤ ደመወዙ ግን ሕዝቡን አኖረ። በ1959 ከንቲባ ሆነው የተመረጡትና 36 ዓመት በሥራው የቆዩት ቺካትሱጉ ሚያኬ፣ ደሴቲቱን በሐሳባቸው በሦስት ከፈሏት፤ ሰሜኑን ለኢንዱስትሪ፣ መካከሉን ለኑሮና ለትምህርት፣ ደቡቡን ለባህልና ለጎብኚ። ሐሳባቸውን የሚጋራ ባለሀብት ያገኙት ግን ከብዙ ዓመት ትዕግሥት በኋላ ነው፤ በ1985 ቴትሱሂኮ ፉኩታኬ ከተባሉት የመጻሕፍት አሳታሚ ጋር ተስማሙ። አሳታሚው በዓመቱ ቢሞቱም ልጃቸው ሶዪቺሮ ሥራውን ቀጠሉ፤ ታዳዎ አንዶ የተባሉት አርክቴክትም የነደፉት የመጀመሪያው ቤተ መዘክር በ1992 ተከፈተ።

ከሁሉ የሚደነቀው በ2004 የተከፈተው ቺቹ ነው። የባሕሩ ዳርቻ መልክ እንዳይበላሽ ተብሎ ሕንፃው በኮረብታ ውስጥ ተቀብሯል፤ ሆኖም ከላይ በተከፈቱለት ቀዳዳዎች የፀሐይ ብርሃን ይገባዋል። የፈረንሳዊው የክሎድ ሞኔ የውኃ አበቦች በዚያ ክፍል ውስጥ በቀን ብርሃን ብቻ ስለሚታዩ፣ ደመና ሲያልፍ ሥዕሉም አብሮ ይደበዝዛል። በባሕሩ ዳር ደግሞ ያዮይ ኩሳማ የሠሩት ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ቢጫ ዱባ ተቀምጧል። ከ1994 ጀምሮ በዚያ ሲኖር በ2021 አውሎ ነፋስ ጠርጎ ወሰደው፤ በ2022 እንደ ገና ተሠርቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እኔ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ሆንሙራ በምትባለው መንደር ያለውን አንድ አሮጌ ቤት እንዳያልፉት እለምንዎታለሁ። በ1998 ታትሱዎ ሚያጂማ የተባለው ሠዓሊ በጨለማው ወለል ላይ ውኃ ሞልቶ 125 የሚቆጥሩ ትንንሽ መብራቶችን በውስጡ አኖረ። የእያንዳንዱን መብራት አቆጣጠር፣ የፈጣኑንም የዝግተኛውንም፣ የወሰኑት 125 የደሴቲቱ ሰዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከ5 እስከ 95 ዓመት ነበር። ጥበቡ ከውጭ መጣ፤ ጊዜው ግን የመንደሩ ሆነ።

ከናኦሺማ በስተ ምሥራቅ ቴሺማ ትገኛለች። የስሟ ትርጉም የጥጋብ ደሴት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ አንድ ኩባንያ የፋብሪካ ቆሻሻ በስውር ያራግፍባትና ያቃጥልባት ነበር፤ ፈቃዱን ያገኘው ለምድር ትል እርባታ ብሎ ነው። ነዋሪዎቹ ለጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት አቤት ቢሉ ሰሚ አጡ። ነገሩ የተገለጠው በ1990 የሌላ ጠቅላይ ግዛት ፖሊስ ሲደርስበት ነው። ከዚያም በኋላ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉት የደሴቲቱ ሰዎች ክሳቸውን ሳይተዉ ገፉበት፤ በ2000 ስምምነት ተደርጎ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ በፊታቸው ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ማኅተም የምናሳርፍ ወይም ነገ ለማሳረፍ የምንማር ሁሉ ይህን ታሪክ ልብ ልንለው ይገባል። አንዲት ያልተመረመረች ፈቃድ ያስከተለችው ቆሻሻ 900,000 ቶን ያህል ነበርና። ለማንሣትም ከ2003 እስከ 2017 ድረስ ጊዜ ፈጀ፤ በመርከብ እየተጫነ ሄዶ ይቀልጥ የነበረውም በናኦሺማ ነው። በጢስ የተጎዳችው ደሴት የጎረቤቷን መርዝ ተቀበለች።

ዛሬ በቴሺማ ኮረብታ ላይ፣ ጦም አድረው ከነበሩና እንደ ገና ከታረሱ የሩዝ እርከኖች መካከል፣ የውኃ ጠብታ የሚመስል ነጭ ሕንፃ ይታያል። በ2010 የተከፈተው ይህ ቤተ መዘክር 60 ሜትር በ40 ሜትር ሲሆን አንድም ምሰሶ የለውም። ውስጡ ሥዕል የለም። ጫማዎን አውልቀው ሲገቡ ከወለሉ ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ሲፈልቅ፣ ጠብታውም ከጠብታ ጋር እየተጋጠመ ሲሮጥ ያያሉ፤ ከጣራው ሁለት ክፍተቶች ነፋስና የወፍ ድምፅ ይገባል። ስለ መርዙ የሚያውቅ ሰው ንጹሕ ውኃን ብቻ የሚያሳይ ቤት በዚያች ደሴት ለምን እንደ ተሠራ ማንንም አይጠይቅም።

ሦስተኛይቱ ኢኑጂማ ናት። በ1909 የተከፈተው የመዳብ ማቅለጫዋ በዋጋ መውደቅ ምክንያት 10 ዓመት ብቻ ሠርቶ ተዘጋ። ፍርስራሹን አፍርሶ በመጣል ፈንታ ሂሮሺ ሳምቡዪቺ የተባለው አርክቴክት ወደ ቤተ መዘክርነት ለወጠው፤ በ2008ም ተከፈተ። ከመዳቡ ዝቃጭ የተሠሩት ጥቋቁር ጡቦች የፀሐይን ሙቀት ይይዛሉ፤ አሮጌው የጢስ ማውጫም አየሩን ወደ ላይ እየሳበ ሕንፃውን ያናፍሳል።

እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ውበት የሸሸውን ሰው ይመልሳልን? የሚል ነው። ከ2010 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ በእነዚህ ደሴቶች ታላቅ የሥነ ጥበብ በዓል ይደረጋል፤ ስድስተኛው በ2025 ተከብሯል፤ በየጊዜው የሚመጣውም እንግዳ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ነው። ይሁን እንጂ በናኦሺማ የቀረው ሕዝብ 3,000 ያህል ነው፤ በቴሺማ አንድ ሺህ አይሞላም፤ በኢኑጂማ ጥቂት አሥሮች ብቻ ናቸው። ከዚህ ጋር ደግሞ ከታካማትሱ በመርከብ 40 ደቂቃ የምትርቀውን ኦጊጂማን እንይ። ተማሪ በማጣት ተዘግቶ የነበረው የደሴቲቱ ትምህርት ቤት፣ ከ2013ቱ በዓል በኋላ ጥቂት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ለመመለስ ወስነው ይከፈትልን ስላሉ፣ በ2014 በሩን ከፈተ። ለአስተማሪ ከዚህ የሚበልጥ የበዓል ፍሬ የለም። ፍሬው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን እውነተኛ ነው። የሚያስተውል ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይገነዘባል፤ በቴሺማ ውበት የመጣው ፍርድ ከተገኘ በኋላ እንጂ በፍርድ ምትክ አልነበረም።

ለጉዞዎ የሚሆን ምክር ልጨምር። አንድ ቀን ለአንድ ደሴት እንጂ ለሦስቱም አይበቃም። የየቤተ መዘክሩን የዕረፍት ቀን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለቺቹም መግቢያ ቀደም ብለው ቦታ ይያዙ። በቴሺማ ብስክሌት ቢከራዩ ይሻላል። የመጨረሻዋ መርከብ የምትነሣበትን ሰዓት ጽፈው በኪስዎ ይያዙ፤ ማንንም አትጠብቅምና። አንድ ቀን ከተረፈዎት ደግሞ ከኡኖ በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ ሺቡካዋ የአሸዋ ዳርቻ ይሂዱና ከበላዩ ያለውን የኦጂጋታኬን ተራራ ይውጡ። ከዚያ ታላቁን ድልድይ፣ ደሴቶቹንም በመካከላቸው የሚመላለሱትን መርከቦች በአንድነት ያያሉ። በናኦሺማ ሰሜን ያለው ማቅለጫም እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ዛሬ የሚያቀልጠው ግን ማዕድን ብቻ አይደለም፤ ከተጣሉ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችም ወርቅና መዳብ እየለየ ያወጣል።