ሁለት ልጆች በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ

አይሻ ላይ ያደግን የባቡር ሠራተኛ ልጆች ስፖርት የተማርነው ያለ ኳስ ነው። ከድሬዳዋ የምትመጣው አንዲት ኳስ በእሾኹና በጠጠሩ ሳትቆይ ትተነፍሳለች። ከዚያ በኋላ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ መምህራችን ይዞ የሚወጣው ፊሽካውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሜዳና ብዙ ጂም አይቻለሁ፤ ያንን የሚያህል የስፖርት ትምህርት ግን አላየሁም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የሶማሊያ ጦርነት ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ድልድዮቹ ፈርሰው የተቋረጠው የጅቡቲ ባቡር እንደገና መመላለስ ጀምሯል፤ በደወሌ፣ በአይሻና በአዲጋላ አድርጎ ድሬዳዋ ይገባል። ክፍላችን ውስጥ ከሸዋና ከሐረርጌ ደጋ በሥራ የመጡ ሰዎች ልጆች ነበርን፤ አብዛኞቹ ግን የኢሳ ሶማሌ ልጆች ናቸው። ከእነሱም መካከል ፍየልና ግመል ሲጠብቁ ቆይተው ዘግይተው ትምህርት ቤት የገቡ ነበሩ። ትምህርቱ የሚሰጠው በአማርኛ ስለነበር እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ይውላሉ። የሚያውቁትን እንኳ መናገር አይችሉም። ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል።

ሜዳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መምህራችን በቁመት ያሰልፈንና ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምራል። ጓደኛ መምረጥ የለም። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ነው፤ የአገሩ ደንብ እንዲያ ስለሆነ ወላጅ ቅር እንዳይለው። ጥንዱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዓመቱ ሳያልቅ የማይነካኩ ልጆች አይኖሩም።

መጀመሪያ ጀርባ ለጀርባ መነሳት ነው። ሁለት ልጆች መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ ጀርባቸውን ያጣብቃሉ፣ ክንዳቸውን ይቆላልፋሉ፣ ከዚያ በእግራቸው ገፍተው አብረው ይቆማሉ። ቀላል ይመስላል። አንዱ ቀድሞ ቢገፋ ሌላው በአፍጢሙ ይደፋል፤ አንዱ ቢለግም ሁለቱም እዚያው ናቸው። አብሮ ለመነሳት ደግሞ አብሮ መቁጠር ያስፈልጋል። እኛ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስንል እነሱ «ኮው፣ ለባ፣ ሰዴሕ» ይላሉ። ሶማሊኛ መቁጠር የለመድኩት ሰው አስተምሮኝ አይደለም፤ ጀርባዬ ላይ የተደገፈው ልጅ መቼ እንደሚገፋ ማወቅ ስለነበረብኝ ነው።

የመምህሩ ብልሃት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ልጅ ጡንቻው እንዲጠነክር የሚታገለው ክብደት ይፈልጋል። ብረት የለም፤ ግን ቁመቱና ክብደቱ ከእሱ ጋር የሚመጣጠን ሌላ ልጅ አለ። በቁመት ማጣመሩም ለዚሁ ነበር። እግር ይዞ ሆድ ማሠራት፣ መዳፍ ለመዳፍ ገጥሞ መገፋፋት፣ እንኮኮ አድርጎ ጥቂት እርምጃ መሄድ፣ ጎንበስ ባለ ጀርባ ላይ መዝለል፤ ሁሉም ከዚሁ የመጡ ናቸው። ደግሞም ተራውን ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ አልነበረም። አንድ ኳስ ቢኖረን ኖሮ ጎበዞቹ ይዘውት ይሮጡ ነበር፤ የቀረነው ቆመን እናይ ነበር።

ጋሪ የምንለው ጨዋታ ከሁሉም ይከብዳል። አንዱ በእጁ ይሄዳል፣ ሌላው ከኋላ እግሮቹን ይዞ ይነዳዋል። አይሻ ላይ ፀሐይ ከፍ ካለች ጠጠሩ መዳፍ ስለሚያቃጥል ይህ የሚሠራው ጠዋት፣ በባቡር ጣቢያው መጋዘን ጥላ ሥር ብቻ ነው። የጥላው ጠርዝ የሩጫው መጨረሻ መስመር ነበር።

ደግሞ የእግር እሥር አለ። የአንዱን ቀኝ እግር ከሌላው ግራ እግር ጋር በአሮጌ ሽርጥ ቁራጭ አስሮ ማስሮጥ። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ካመጣ ወዲህ እያንዳንዳችን «ማርሽ ቀያሪው» መሆን እንፈልግ ነበር። እግር ታስሮ ማርሽ ለመቀየር ግን ሁለቱም ባንዴ መቀየር አለባቸው። ብቻውን ምሩጽ ለመሆን የሞከረ ጥንዱን ይዞ አሸዋ ላይ ይዘረጋል።

ከሁሉ የምወደው የሐዲዱን ጨዋታ ነው። ፈረንሳዮች የዘረጉት፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ያ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1 ሜትር ብቻ ነበር ስፋቱ። መምህሩ የጣቢያውን ሹም ጠይቆ ባቡር እንደማይመጣ ካረጋገጠ በኋላ፣ ብረቱ ሳይግል በጠዋት፣ በባዶ እግር እንወጣበታለን። አንዱ በዚህኛው ሐዲድ፣ ሌላው በዚያኛው፤ በመካከል እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ትንሽ ወደ ውጭ ዘንበል ብለን እንሄዳለን። አንዱ የሌላውን ክብደት ይይዛል፤ እጅ የለቀቀ ራሱም ይወድቃል፣ ጓደኛውንም ይጥላል። አንደኛው እግሩ መሬት ከነካ ሁለቱም ወደ መነሻው ይመለሳሉ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይጠየቅም። እዚያ ላይ እነዚያ ክፍል ውስጥ አንገት የሚደፉት ልጆች የሚደርስባቸው አልነበረም፤ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ ያውቃሉ። ወተት ተሸክመው ወደ ጣቢያው የሚመላለሱት ሴቶች ልጆች ደግሞ ከወንዶቹም ይበልጡ ነበር፤ አንገታቸው ቀጥ ብሎ፣ ዓይናቸው ሩቅ እያየ ይሄዳሉ።

ያ ሁሉ አልፏል። አንዳንዱ በማለፉ ደስ ይለኛል፤ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የአይሻ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በሶማሊኛ ይማራል፤ አንገት የሚያስደፋው ነገር ቀርቷል። አሮጌው ባቡር ቀስ በቀስ ተዳክሞ ቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ በሁለቱ ሐዲዶቹ መካከልም ከ1 ሜትር ከ43 ሳንቲሜትር በላይ አለ። ልጆች እጅ ለእጅ አይደራረሱበትም፤ ሊወጡበትም አይገባም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የእነዚያ ጨዋታዎች ደንብ የትም አልተጻፈም። በቃል ሲወርድ የኖረው የኢሳ ባህላዊ ሕግ፣ ሄር ኢሴ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ሸንጎ የሚቀመጡ አዋቂዎች ጠብቀው አቆይተውታል። የልጆች ጨዋታ ግን ልጆቹ ሲያድጉ ተከታይ ካላገኘ እዚያው ያበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ስልሳ ተማሪና አንድ ኳስ ይዞ ይህን ማሟላት አይቻልም፤ ስልሳ ተማሪን ሠላሳ ጥንድ አድርጎ ግን ይቻላል። አይሻ ባለችበት በሲቲ ዞንም ሆነ በሌላ ቦታ የምታስተምሩ የስፖርት መምህራን፣ በሜዳችሁ ላይ 1 ሜትር የተራራቁ ሁለት መስመሮች በኖራ አስምሩ ወይም ሁለት ረጃጅም ጣውላ አጋድሙ፤ ልጆቹን በቁመት አጣምሩና እጅ ለእጅ አያይዛችሁ አስኪዷቸው። ያኔ አይሻ የተማራችሁ የዕድሜ እኩዮቼ ደግሞ የምታስታውሱትን ደንብ በአማርኛም በሶማሊኛም ጽፋችሁ ለእነዚህ መምህራን ስጧቸው።