የሁለት ሳምንት ፍቅር

እጓለ ማውታን መጐብኘት የታዘዘ ሥራ መሆኑን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሁሉ ከፊደል ጋር አብረን ተምረነዋል። ነገር ግን ትእዛዙን ማወቅና አፈጻጸሙን ማወቅ ለየብቻ ናቸው። ለበጎ ሥራ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ለምትመኙ ወጣቶች፣ በዚህ ነገር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጡረታ በወጣሁበት በ2011 ዓ.ም. ከጉባኤያችን ወጣቶች ጋር ዐሥራ አንድ ሆነን፣ በሞያሌ ድንበር ተሻግረን፣ ማርሳቢትንና ኢሲዮሎን አልፈን ወደ ናንዩኪ ሄድን። ናንዩኪ በኬንያ ተራራ ግርጌ፣ በምድር ወገብ መሥመር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የምድር ወገብ ሲባል ሐሩር የሚመስለው ሰው ሌሊቱን እዚያ አድሮ ይየው! የምናገለግልበት የሕፃናት ማሳደጊያ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ነበር።

በሩ ሲከፈት ልጆቹ እየሮጡ መጡ። አንዲት የአራት ዓመት ያህል ልጅ ማን መሆኔን ሳታውቅ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከወጣቶቻችን አንዷ እንባዋን እየጠረገች «ጋሼ፣ እንዴት እንደ ወደዱን ይመልከቱ!» አለችኝ።

እኔ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከልጆች ጋር የዋልሁ ሰው ነኝ። እናቱ አጠገቡ ያለች ልጅ እንግዳ ሲያይ ከቀሚሷ ኋላ ይደበቃል፤ አስቀድሞ አሾልቆ ያያል፣ ቆይቶ ይቀርባል። ሳይመርጥ ማንንም የሚያቅፍ ልጅ ግን፣ ብዙ ሰው የመጣለት፣ ማንም ያልቆየለት ልጅ ነው።

ይህን የመረመሩ ሊቃውንትም አሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት፣ ሕፃን ከእናቱ ወይም እናቱን ከሚተካ ሰው ጋር የማይቋረጥ የፍቅር ግንኙነት እንደሚያስፈልገው አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በሮማንያ፣ በቡካሬስት ከተማ፣ በማሳደጊያ የሚኖሩ 136 ሕፃናትን መርጠው እኩሌታውን በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተ ሰቦች ሰጡ። ወደ ቤተ ሰብ የገቡት፣ ይልቁንም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፣ በአእምሮም በጠባይም ከቀሩት ተሽለው ተገኙ።

በናንዩኪው ቤት ለልጆቹ እናት የሆነችላቸው ማማ እያሉ የሚጠሯት አንዲት ሠራተኛ ነበረች። ሌሊት ትኩሳት ሲነሣ የምትነቃ እርስዋ፤ ኡጋሊ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ማን በወተት እንደሚወድ፣ ማን ጨለማ እንደሚፈራ የምታውቅ እርስዋ። እንግዳ ሲመጣ ግን ልጆቹ ትተዋት ይሮጣሉ፤ ከረሜላው ያለው በእንግዳው እጅ ነውና። እንግዶች ሲሄዱ ልጆቹ እንዴት ይሆናሉ ብዬ ብጠይቃት፣ «ሦስት ሌሊት ያህል አይተኙም። ከዚያ ሌላ አውቶቡስ ይመጣል» አለችኝ።

ስለዚህ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ወጣቶቹ በልብስ ማጠቢያው፣ በወጥ ቤቱና በጣሪያው ጥገና ላይ ተሰማሩ። ልጅ ሲያለቅስ ማማ ትጠራለች እንጂ እንግዳ አያባብለውም የሚል ሕግ አወጣን፤ ፎቶግራፍ ማንሣትም ቀረ። አንዱ ወጣት አኵርፎ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነው አንሶላ ልናጥብ ነው?» አለኝ። «አዎን፤ አንተ ስታጥብ እርስዋ ልጁን ታቅፋለች» አልሁት። እስከ ማታ አላናገረኝም፤ አንሶላውን ግን አጠበ።

በሳምንቱ ማማ የነገረችኝ ነገር ከሁሉ ይልቅ ከበደኝ። ያች አንገቴ ላይ የተጠመጠመች ልጅ እናት አላት! በከተማው ገበያ ጎመን ትሸጣለች፤ ልጅዋን የሰጠችው የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ገንዘብ አጥታ ነው። በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚያድጉት ልጆች የሚበዙት ቢያንስ አንድ ወላጅ አላቸው፤ ከቤት የሚያስወጣቸው ብዙውን ጊዜ ሞት ሳይሆን ድህነት ነው። በዚያች ሌሊት የዐሥራ አንዳችንን የመንገድና የማደሪያ ወጪ ደምሬ ለእናቲቱ የስንት ወር ኪራይ እንደሚሆን አሰላሁ። ጠዋት ለወጣቶቹ አሳየኋቸው፤ ቍርስ ሳይበሉ ደጋግመው አሰሉት።

የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 አዳዲስ ማሳደጊያዎች እንዳይመዘገቡ አግዷል፤ በ2022 ደግሞ ልጆችን ወደ ቤተ ሰብ ለመመለስ የዐሥር ዓመት ዕቅድ አውጥቷል። ለእኛም ይህ አሳብ ባዕድ አይደለም፤ በአገራችን ጉዲፈቻ የሚባለው የኦሮሞ ልማድ ልጅን በአዳራሽ ሳይሆን በቤት ያሳድጋል፣ እንደ ተወለደም ያስቈጥራል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ሂድ ወይም አትሂድ አልልህም። ሐኪም፣ አናጢ ወይም የመምህራን አሠልጣኝ ከሆንህ፣ እዚያ ለሚቀሩት ሠራተኞች የምታስተምረው ሙያ አለህና መሄድህ ይጠቅማል። የምትወስደው እቅፍህን ብቻ ከሆነ ግን የማማን ሦስት ሌሊት አስብ።

ጉባኤያችን አሁን አውቶቡስ አይከራይም። ለመንገድ የሚዋጣው ገንዘብ በናንዩኪ በሚኖሩ አንድ ሽማግሌ እጅ ለጎመን ሻጪቱ ይደርሳል። ልጅቱ ከእናቷ ጋር በአንዲት ክፍል ትኖራለች፤ ትምህርት ቤትም ገብታለች። ማማ ከቀሩት ልጆች ጋር እዚያው ናት፤ ደመወዟ ግን እስከ ዛሬ አልተጨመረላትም።