የዊምብልደኑ ግድግዳ

በቴኒስ ውድድሩ ስሙ በዓለም በተሰማው የለንደን ሠፈር፣ በዊምብልደን፣ ከዛፎችና ከሀብታሞች መኖሪያ ቤቶች መካከል ነጭ ግድግዳና ተደራራቢ ጣራ ያለው አንድ የታይላንድ ቤተ መቅደስ ቆሞ ይታያል። ስሙ ዋት ቡድሃፓዲፓ ይባላል። በ1965 እ.ኤ.አ. በሌላ የለንደን ሠፈር ተቋቁሞ በ1976 ወደዚህ ስፍራ የተዛወረ ነው። ከውጭ ለተመለከተው ከባንኮክ ተነቅሎ የመጣ እንጂ በእንግሊዝ ምድር የተሠራ አይመስልም። ወደ ውስጥ የዘለቀ ሰው ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ግድግዳው የቡድሃን ሕይወት በሚተርኩ ሥዕሎች ተሸፍኗል፤ ተመልካቹም ረጋ ብሎ ሲያስተውል፣ ከጥንቱ ትረካ መካከል የማርጋሬት ታቸርንና የሮናልድ ሬገንን ፊት ያገኛል።

ሥራው የተጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ. ነበር። መሪዎቹ ቻለርምቻይ ኮሲትፒፓትና ፓንያ ቪጂንታናሳርን የተባሉ፣ ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ሠዓሊዎች ናቸው። ሁለቱም ከሲልፓኮርን ዩኒቨርሲቲ የወጡ ናቸው፤ የዚያ ትምህርት ቤት መሥራች ደግሞ በ1923 ወደ ሲያም የመጡት ኢጣሊያዊው ቀራፂ ኮራዶ ፌሮቺ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። በጠቅላላው ሃያ ስምንት ያህል ሠዓሊዎች እየተፈራረቁ ሲሠሩ ደመወዝ አልተከፈላቸውም። የተሰጣቸው የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ብቻ ነው። በቡድሃ እምነት የመቅደስን ግድግዳ መሣል ትሩፋት ነውና ዋጋው በገንዘብ አይተመንም። ይህ አባባል ለሠዓሊው ክብር ይሁን ወይስ ሸክም፣ በየትም አገር በጥበቡ የሚተዳደር ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። ወጣቶቹ ግን ከነፃ ጉልበታቸው አንድ ትልቅ ነገር አትርፈዋል፤ ደመወዝ ያልከፈለ አሠሪ ብዙ ሊያዛቸው አልቻለምና እንደ ልባቸው ለመሣል ችለዋል።

የታይላንድ ባህል ለእያንዳንዱ ግድግዳ የራሱን ታሪክ ይመድባል። ከቡድሃው ሐውልት ፊት ለፊት፣ ከመግቢያው በር በላይ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሣለው የማራ ሽንፈት ነው። ፈታኙ ማራ ሠራዊቱን አሰልፎ ይመጣል፤ ቡድሃ በእጁ ምድርን ነክቶ ለምስክርነት ይጠራታል፤ የምድር እመቤት ከምድር ውስጥ ብቅ ብላ ፀጉሯን ስትጨምቀው የሚወርደው ውሃ ሠራዊቱን ጠርጎ ይወስዳል። ፓንያ ይህን ታሪክ በሣለ ጊዜ ቅደም ተከተሉን አልነካም። የለወጠው የሠራዊቱን ትጥቅ ነው። የክፋት ሠራዊት በኑክሊየር ዘመን ምን ይታጠቃል ብሎ ራሱን ከጠየቀ፣ መልሱ ጦርና ዝሆን ብቻ ሊሆን አይችልም። የፈርዖንን ወታደሮች ጠመንጃ አሸክመው የሣሉትን የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ሥራ ያየ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በታይላንድ በኩል ግን ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ከመንኩሳትም፣ ከመንግሥት ሰዎችም፣ ከሙያ ባልደረቦችም «ይህ የታይ ጥበብ አይደለም» የሚል ነቀፋ እንደደረሰባቸው ቻለርምቻይ ኋላ ተናግረዋል። ለመሆኑ የታይ ጥበብ የሚባለው የትኛው ነው? በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት፣ በንጉሥ ሞንግኩት ዘመን፣ ክሩዋ ኢን ኮንግ የተባሉ መነኩሴ ሠዓሊ የምዕራባውያንን ሕንፃዎች፣ መርከቦችና ባርኔጣ የደፉ ሰዎች በባንኮክ መቅደስ ግድግዳ ላይ ሥለዋል። የርቀትን አሣሣልም ከአውሮፓ ሥዕሎች ተምረው የቡድሃን ትምህርት በምሳሌ ለመግለጽ ተጠቅመውበታል። ያ ግድግዳ ዛሬ እንደ ብሔራዊ ቅርስ ይታያል። ነቃፊዎቹ ወግ ብለው የሚሟገቱለት ነገር በራሱ ጊዜ አዲስ እንደነበረ ማስታወስ ይኖርባቸው ነበር።

ይህ ሲባል ሥራው እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ሠዓሊዎቹ የተጠቀሙት አክሪሊክ ቀለም ከጥንቱ የማዕድን ቀለም ይልቅ ይጮኻል፤ በአንዳንድ ስፍራም ምስሉ ከመብዛቱ የተነሣ ዓይን ማረፊያ ያጣል። የሠዓሊዎቹና የገንዘብ ለጋሾቹ ፊት በግድግዳው ላይ መገኘቱም አንዱን ያስፈግገዋል፣ ሌላውን ያስቀይመዋል። ሆኖም በወጉ መሠረት አምልኮ የሚያደርስ ሰው ፊቱን ወደ ሐውልቱ፣ ጀርባውን ወደ ማራ ሠራዊት አድርጎ ነው የሚቀመጠው፤ ሥዕሉን በደንብ የሚያየው ተነሥቶ ሊወጣ ሲል ነው።

ቻለርምቻይ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትውልድ አውራጃቸው በቺያንግ ራይ፣ ዋት ሮንግ ኩን የተባለውን ነጭ መቅደስ በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩ ጀመር። እዚያ ግድግዳ ላይ ሱፐርማንና የሚቃጠሉት የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ተሥለዋል። በዚህኛው መቅደስ አሠሪውም ሠዓሊውም አንድ ሰው ናቸው።